ጊዜን በቀለም መለካት

ሰው ሁሉ ከሥራ በኋላ የሚዝናናበት የየራሱ ልማድ አለው። አንዱ ካርታ ይጫወታል፤ አንዱ ኳስ ያያል፤ ሌላው ከወዳጁ ጋራ ቡና ቤት ተቀምጦ የቀኑን ወሬ ይሰልቃል። እኔ በሙያዬ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ማታ ማታ የምዝናናበትን ነገር ብነግራችሁ ግን «ይህን ሰው ምን ነካው?» ሳትሉ አትቀሩም። የምዝናናው፥ የሠራው ኩባንያ ከከሰረ ሠላሳ ዓመት ባለፈው በአንድ አሮጌ የቤት ኮምፒዩተር ላይ ትንንሽ ፕሮግራሞችን በመጻፍ ነው። ኮምፒዩተሩም በእጄ የለም። ዛሬ «ኢሙሌተር» የሚባል፥ የአሮጌውን መኪና ጠባይ እየተከተለ እርሱን መስሎ የሚሠራ ፕሮግራም ስላለ፥ በላፕቶፔ ውስጥ ከሞት እንደ ተነሣ ሆኖ ይታየኛል። የእኔው ኢሙሌተር «ቫይስ» ይባላል፤ የሚገኘውም ያለ ክፍያ ነው።

ስለዚህ ጨዋታ ልነግራችሁ የተነሣሁት ግን ለወሬ ያህል ብቻ አይደለም። ለተማሪም ሆነ ለመሥሪያ ቤት ጸሐፊ የሚጠቅም አንድ ቁም ነገር ስላገኘሁበት ነው። ይኸውም፥ ሰው የያዘው ሥራ አልሆንለት ሲል ብዙ ጊዜ የጐደለው አእምሮ ሳይሆን፥ ጥፋቱ የት እንዳለ የሚያሳየው መስተዋት መሆኑ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቈጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ አስታውቃለሁ።

እንግዲህ መኪናውን ላስተዋውቃችሁ። ስሙ ኮሞዶር 64 ይባላል። በ1982 በአሜሪካ ለገበያ ሲወጣ ዋጋው 595 ዶላር ነበር። ኩባንያውን የመሠረተው ጃክ ትራሚየል በፖላንድ አገር በሎድዝ ከተማ የተወለደ አይሁዳዊ ሲሆን፥ ከአውሽቪትዝ የሞት ሠፈር ተርፎ ወደ አሜሪካ የተሻገረ፥ ኑሮውንም የጽሕፈት መኪና በመጠገን የጀመረ ሰው ነው። ኮምፒዩተር ለጥቂት ባለጸጎች ሳይሆን ለብዙኃኑ መሆን አለበት የሚል እምነት ነበረው። መኪናው የሚገጠመው ከቤት ቴሌቪዥን ጋራ ነው። በስሙ ላይ ያለው 64 የሜሞሪውን መጠን ያመለክታል፤ ይኸውም 65,536 ፊደላትን ብቻ የሚይዝ መዝገብ ማለት ነው። ዛሬ በኪሳችን በምንይዘው ስልክ የተነሣ አንድ ፎቶግራፍ ብቻውን ከዚህ መዝገብ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ልቡ የሆነው ፕሮሰሰር በሴኮንድ አንድ ሚሊዮን ጊዜ ያህል ይመታል፤ የዛሬዎቹ ግን በሴኮንድ በሺህ ሚሊዮኖች የሚቈጠር ምት አላቸው። ቀለሞቹ 16 ብቻ ናቸው፤ የሙዚቃው ቺፕም በአንድ ጊዜ የሚያሰማው 3 ድምፅ ብቻ ነው።

በዚህ ደካማ መኪና ላይ በተለይ የአውሮፓ ወጣቶች «ዴሞ» የሚባል ነገር ይሠሩ ጀመር። ዴሞ ጨዋታ አይደለም፤ ተመልካቹ የሚነካው ነገር የለም። የሒሳብ ወይም የጽሕፈት መሣሪያም አይደለም። ሙዚቃ እየተሰማ፥ ሥዕል እየተለዋወጠ፥ ከዋክብት እየበረሩ፥ ጽሑፍም እንደ ወንዝ ከቀኝ ወደ ግራ እየፈሰሰ ለጥቂት ደቂቃ የሚታይ ትርዒት ነው። እንደ ፊልም አስቀድሞ ተቀርጾ የተቀመጠ ሳይሆን፥ መኪናው በዚያው ቅጽበት እያሰላ የሚሥለው ነው። ፉክክሩም «ይህ መኪና ይህን ሊያደርግ አይችልም» የተባለውን አድርጎ ማሳየት ነው።

እውነቱን ለመናገር የዚህ ልማድ መነሻው የሚያስመሰግን አልነበረም። በ1980ዎቹ መጀመሪያ፥ ኩባንያዎች ጨዋታቸው እንዳይገለበጥ ያደረጉበትን ቁልፍ እየሰበሩ ለወዳጆቻቸው የሚያድሉ የወጣት ቡድኖች ተነሥተው ነበር። ይህ የሰው ላብ መዝረፍ ነው። ቁልፉን የሰበረው ቡድን በጨዋታው መግቢያ ላይ ስሙን የሚያስነብብ አጭር ትርዒት ይለጥፍ ነበር። ውሎ አድሮ ግን ትርዒቱ ራሱ ከጨዋታው ይልቅ ወጣቶቹን ማረካቸው፤ ብዙዎቹም ቁልፍ መስበሩን ትተው ትርዒቱን ብቻ መሥራት ያዙ። ነገሩ በፊንላንድ፥ በስዊድን፥ በኖርዌይ፥ በዴንማርክ፥ በሆላንድና በጀርመን ተስፋፋ። በፊንላንድ «አሴምብሊ» የተባለው የዴሞ ሠሪዎች ትልቅ ስብሰባ በ1992 ተጀመረ። ፊንላንድ በ2020፥ ጀርመንም በ2021 የዴሞን ሥራ በሕያው ባህላዊ ቅርሶቻቸው ዝርዝር ውስጥ አስገብተውታል። የጕርምስና ጥፋት ሆኖ የጀመረ ነገር የአገር ቅርስ ሲባል ማየት የሚያስገርም ነው።

ብዙዎቹ እነዚህ ልጆች የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበሩ። ፕሮፌሰር አላስተማራቸውም። ታዲያ ይህን ያህል ጥበብ ከወዴት አገኙት? መልሱን ለማግኘት መጀመሪያ ምን እንደሚያስጨንቃቸው ማወቅ ያስፈልጋል። የዴሞ ሠሪ ትልቁ ጭንቀት ጊዜ ነው። የአውሮፓ ቴሌቪዥን በሴኮንድ 50 ሥዕል ያሳያል። እያንዳንዱ ሥዕል ከላይ ወደ ታች፥ መሥመር በመሥመር ይሣላል። ለአውሮፓ በተሠራው ኮሞዶር 64 አንድ ሥዕል፥ ዓይን የማያያቸው ጥቂት መሥመሮች ጭምር፥ 312 መሥመር አለው፤ አንዱ መሥመር እስኪሣል ፕሮሰሰሩ 63 ጊዜ ይመታል። 312ን በ63 ብታበዙት 19,656 ይሆናል። ለአንድ ሥዕል ያለው በጀት ይኸው ነው። ከፕሮሰሰሩ ትእዛዞች አጭሩ 2 ምት ስለሚፈጅ፥ በአንድ ሥዕል ጊዜ ውስጥ ምንም ቢጣደፍ የሚፈጽመው ትእዛዝ 10 ሺህ አይሞላም። በጀቱ ያለቀበት ፕሮግራም የሚበደርበት ስፍራ የለም። ሥዕሉ ሳያልቅ ተራው ያልፍበታል፤ ትርዒቱም ይንቀጠቀጣል።

በዚህ ጠባብ በጀት ውስጥ ስሕተት ሲገባ መከራው ብዙ ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች የፕሮግራምን ስሕተት «በግ» ይሉታል። የኛ ባለ ላት በግ እንዳይመስላችሁ፤ በእነርሱ ቋንቋ ተባይ ማለት ነው። ብዙ ሰው የቃሉን አመጣጥ ከ1947 ጋራ ያያይዘዋል፤ በዚያ ዓመት ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ በነበረው ማርክ 2 በተባለው ኮምፒዩተር ውስጥ አንዲት የእሳት ራት ገብታ ስለ ተገኘች፥ መሐንዲሶቹ በመዝገባቸው ላይ ለጥፈዋታልና። ነገር ግን ቃሉ ከዚያ የቀደመ ነው፤ ቶማስ ኤዲሰን በ1878 በጻፈው ደብዳቤ ላይ ለፈጠራ ሥራ እንከን ተጠቅሞበታል። ይህን ተባይ ለቅሞ ማውጫውን መሣሪያ «ዲበገር» ይሉታል። እኔ ግን በልቤ «በግ ፈላጊ» ብዬዋለሁ። እረኛ የጠፋበትን በግ የሚያገኘው ሜዳ ላይ ቆሞ ስለ ጮኸ ሳይሆን ዱካውን ስለ ተከተለ ነውና።

የፊተኞቹ በግ ፈላጊ «ሞኒተር» ይባል ነበር። ዛሬ ሞኒተር ስንል ፊት ለፊት የምናየውን ስክሪን ማለታችን ነው፤ ያኔ ግን የሜሞሪውን መዝገብ ገጽ በገጽ ገልጦ የሚያሳይ ፕሮግራም ማለት ነበር። በ1977 የወጣው አፕል 2፥ ስቲቭ ዎዝኒያክ የጻፈው ሞኒተር ከውስጡ አብሮት ነበር። ኮሞዶር 64 ግን ሲሸጥ ሞኒተር አልነበረውም። ይህን ጕድለት ከሞሉት ሰዎች አንዱ ካናዳዊው ጂም በተርፊልድ ነው። «ሱፐርሞን» የተባለውን ሞኒተር ጽፎ ማንም እንዲጠቀምበት ለቀቀው፤ በመጽሔትም ላይ ታተመ። አጠቃቀሙ ቀላል ነው። አንድ ፊደል ትጽፋላችሁ፤ የሜሞሪውን አድራሻ ትነግሩታላችሁ። «ኤም» ብትሉት መዝገቡን ያነብላችኋል፤ «ዲ» ብትሉት ደረቁን ቁጥር ወደ ትእዛዝ ስም ይተረጕምላችኋል፤ «ኤች» ብትሉት ደግሞ የምትፈልጉትን ቁጥር ከነአድራሻው አድኖ ያመጣላችኋል። ከዚህ በፊት ለጀማሪው ፕሮግራም ጸሐፊ የሜሞሪው ነገር «ላም አለኝ በሰማይ፥ ወተቷንም አላይ» ነበር።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያስገርመኝ 0 ነው። በዚህ ፕሮሰሰር ቋንቋ 0 ማለት «ሥራህን አቋርጥ» ማለት ነው። ፕሮግራሙን የምትጠራጠሩበት ስፍራ ላይ 0 ጽፋችሁ ብታስነሡት፥ እዚያ ሲደርስ ይቆማል፤ ሞኒተሩም በዚያች ቅጽበት በፕሮሰሰሩ እጅ ምን ምን ቁጥር እንደ ነበረ ዘርዝሮ ያሳያችኋል። መንገደኛን በኬላ አስቁሞ ጓዙን እንደ መፈተሽ ነው። እስከዚያ ድረስ ደኅና ከሆነ ኬላውን ትንሽ ወደ ፊት ታዛውሩታላችሁ። እንዲህ እያላችሁ ስትሄዱ በጉ በሁለት ኬላዎች መካከል ይያዛል። ልብ በሉ፤ ይህን ለማድረግ ትዕግሥት እንጂ ልዩ ተሰጥዎ አያስፈልግም።

በዚያ ዘመን ፕሮግራም በመጽሔት ላይ ታትሞ ይሸጥ ነበር። አንባቢው ማታ ቁጭ ብሎ ገጽ ሙሉ ቁጥር ወደ ኮምፒዩተሩ ይገለብጣል፤ ከቁጥሮቹ አንዱ ቢሳሳት ድካሙ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። «ኮምፒዩት!» የተባለው የአሜሪካ መጽሔት አሳታሚ በ1983 ለዚህ መላ አመጣ። አንባቢው አንድ መሥመር ጽፎ በጨረሰ ቍጥር የመሥመሩን ማረጋገጫ ድምር አውጥቶ የሚያሳይ አጭር ፕሮግራም አተመ። አንባቢው ያን ድምር በመጽሔቱ ላይ ካለው ጋራ ያመሳክራል፤ ካልገጠመ ስሕተቱ በዚያው መሥመር ነው። እኔ ቀኑን ሙሉ የገቢና የወጪ ድምር ሳመሳክር የምውል ሰው ነኝና፥ ይህን ባነበብኩ ጊዜ ዘመዶቼን ያገኘሁ ያህል ተሰማኝ።

ቀጥሎም ከኮምፒዩተሩ ጀርባ የሚሰኩ ካርትሪጆች መጡ። የእንግሊዙ «አክሽን ሪፕሌይ» እና የሆላንዱ «ፋይናል ካርትሪጅ» ስመ ጥሮች ነበሩ። በላያቸው ያለውን ቁልፍ ሲጫኑት ትርዒቱ ባለበት ቀጥ ይላል። ውስጡን ተመልክቶ፥ ቢፈልጉም አንዳንድ ነገር ለውጦ፥ ከቆመበት እንዲቀጥል ማድረግ ይቻል ነበር። ወጣቶቹ የሌላውን ቡድን ዴሞ አቁመው «ይህን እንዴት አደረገው?» እያሉ ይመረምሩ ነበር። ኩባንያው ራሱ ለፕሮግራም ጸሐፊዎች ባሳተመው መመሪያ መጽሐፍ መጨረሻ ላይ የመኪናው የኤሌክትሪክ ንድፍ ሳይቀር ታትሞ ነበር። እንግዲህ ፕሮፌሰር ያልነበራቸው ልጆች አስተማሪያቸው ማን እንደ ነበረ ገባችሁ አይደለምን? አስተማሪያቸው የተከፈተው መኪና ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። ከመሣሪያዎቹ ሁሉ የረቀቀው ምንም ዋጋ የማይጠይቀው ነው። በኮሞዶር 64 ሥዕሉ ዙሪያውን በአንድ ቀለም ክፈፍ የተከበበ ነው። የክፈፉን ቀለም የሚያዝዘው በሜሞሪው 53280ኛ አድራሻ ላይ የሚጻፈው ቁጥር ነው፤ 0 ጥቁር፥ 1 ነጭ፥ 2 ቀይ፥ 6 ሰማያዊ ነው። ቀለሙም የሚለወጠው በዚያው ቅጽበት፥ ሥዕሉ ገና እየተሣለ ሳለ ነው። ስለዚህ አንድ ሥራ ሲጀመር ክፈፉ ነጭ፥ ሲያልቅ ደግሞ ጥቁር እንዲሆን ብታዝዙ፥ ሥራው የፈጀው ጊዜ በቴሌቪዥኑ ዳር እንደ ነጭ መቀነት ሆኖ ይታያችኋል። መቀነቱ 40 መሥመር ቢወርድ፥ 40 ጊዜ 63፥ ማለትም 2,520 ምት ያህል ጊዜ አለፈ ማለት ነው። ቀለሙን መለወጡ ራሱ የሚያስከፍለው 6 ምት ብቻ ነው። ሰዓት የለም፥ ሚዛን የለም፤ ጊዜ ራሱ ቀለም ተቀብቶ ፊታችሁ ይቆማል።

ይህ መለኪያ ማንንም ስለማይፈራ ያልጠረጠራችሁትንም ያጋልጣል። ሥዕሉን የሚሥለው ቺፕ፥ ፊደላቱ በሚታዩበት ክፍል፥ በየስምንት መሥመሩ አንድ ጊዜ ሜሞሪውን ለራሱ ብቻ ይይዘዋል። በዚያ መሥመር ላይ ፕሮሰሰሩ ከ63 ምት ውስጥ 40 ያህሉን ያጣል፤ ይህም በአንድ ሥዕል 25 ጊዜ ይደርስበታል። ከዚህም የተነሣ ያው አንድ ሥራ በሥዕሉ መካከል ሲሠራ መቀነቱ ይረዝማል፤ ከሥዕሉ በታች ሲሠራ ያጥራል። ይህን የመሰለ የጊዜ ስርቆት በግምት ማን ይደርስበት ነበር?

ይህን ሁሉ ያወራኋችሁ ያለ ምክንያት አይደለም። የእኅቴ ልጅ በዩኒቨርሲቲ ኮምፒዩተር የሚያጠና የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነው። እናቱ በጕልት ሽንኩርትና ቃሪያ እየሸጠች ነው ያስተማረችው። ባለፈው ክረምት ለዕረፍት እኔ ዘንድ መጥቶ ሳለ፥ አንድ ማታ አንገቱን ደፍቶ «ጋሼ፥ ትምህርቱን ልተወው ነው» አለኝ።

«ለምን?» አልኩት።

«ጭንቅላት የለኝም። ጓደኞቼ የጻፉት ይሠራል፤ የእኔ አይሠራም። ለምን እንደማይሠራም አላውቅም።»

«ለእናትህ ነግረሃታል?»

«አልነገርኋትም፤ እንዴት ብዬ?»

ምክር ልሰጠው አልፈለግሁም፤ ምክር ከየአቅጣጫው ጠግቦ ነበር። «ና፥ ማታ ማታ የምጫወትበትን ላሳይህ» ብዬ ኢሙሌተሩን ከፈትኩለት። መጀመሪያ ሳቀ፤ «ጋሼ፥ ይህን እኮ ስልኬ ይበልጠዋል» አለ። ቢሆንም ወጣት ነውና ጨዋታው ያዘው። ሳምንት ሳይሞላው የራሱን ዴሞ ጻፈ፤ ሙዚቃ ይሰማል፥ 70 ከዋክብት ይበራሉ፥ ከታች የእናቱ ስም በትልልቅ ፊደል ይፈስሳል። ግን ትርዒቱ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ በሴኮንድ 6 ጊዜ ያህል ሁሉ ነገር ድንቅፍ ይላል።

ልጁ ጥፋተኛውን ወዲያው አወቅሁት አለ። የሚደናቀፈው ጽሑፉ ወደ ግራ አንድ ፊደል በተዛወረ ቍጥር ስለ ነበረ፥ ጥፋቱ የጽሑፉ ነው ብሎ ፈረደ። ሁለት ቀን ሙሉ ጽሑፉን የሚያንቀሳቅሰውን ክፍል ሲያፈርስና ሲሠራ ሰነበተ። ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ለማውረድ ይቸግራል እንደሚባለው፥ ምንም ቢለፋ አልሻል አለው። በሦስተኛው ቀን ማታ ያንኑ ቃል ደገመው፤ «ጋሼ፥ አላልኩህም? ጭንቅላት የለኝም።»

«ክፈፉን ቀባው» አልኩት። «ሙዚቃው ሲሠራ ነጭ፥ ከዋክብቱ ሲሠሩ ቀይ፥ ጽሑፉ ሲሠራ ሰማያዊ ይሁን።»

ቀባው። ከዚያ በኋላ የታየውን በቁጥር ልንገራችሁ። ሙዚቃው 25 መሥመር ያህል ነጭ መቀነት ያዘ። ጽሑፉ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 መሥመር የማይበልጥ ቀጭን ሰማያዊ ነበር፤ ጽሑፉ ሰባት ጊዜ በነጥብ በነጥብ ከተንሸራተተ በኋላ በስምንተኛው ፊደላቱ ሁሉ አንድ ስፍራ መዛወር ስላለባቸው፥ በስምንት ሥዕል አንድ ጊዜ ወደ 40 መሥመር ይወፍር ነበር። ከዋክብቱ ግን ከላይ እስከ ታች ቀይ በቀይ አድርገውት ወደ 250 መሥመር ይዘዋል! ሰባቱን ጊዜ ድምሩ 285 ስለ ሆነ ከ312 በታች ነው፤ ስምንተኛው ላይ ግን 315 ይሆናል። የጐደለው በጀት 3 መሥመር ብቻ ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ የተወቀሰው ሰማያዊው ሲሆን፥ በጀቱን የበላው ቀዩ ዝም ብሎ ቆሞ ነበር። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የሚባለው ይህ አይደለምን?

ልጁ ዐይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል ብዙ ቆየ። በኋላም «ማባዛቱ ነው» አለ። ይህ ፕሮሰሰር መደመርና መቀነስ እንጂ ማባዛት የሚል ትእዛዝ የለውም፤ ማባዛት የፈለገ ሰው ደጋግሞ እየደመረ መድረስ አለበት። ልጁ ለእያንዳንዱ ኮከብ፥ በእያንዳንዱ ሥዕል፥ እንደ አዲስ ያባዛ ነበር። ያን ሌሊት የማባዣውን መልስ ሁሉ አንድ ጊዜ ብቻ አስልቶ በሠንጠረዥ አስቀመጠውና ከዋክብቱ ከሠንጠረዡ እያነበቡ እንዲሄዱ አደረገ። ቀዩ መቀነት ከ250 ወደ 40 መሥመር ወረደ። የእናቱም ስም ሳይደናቀፍ እንደ ቅቤ ይንሸራተት ጀመር።

ትምህርቱን አልተወም። ከዚያ ወዲያ የክፍሉ አንደኛ ሆነ ብዬ አልዋሻችሁም፤ አልሆነም። የተለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነው። ዛሬ ደውሎ «ጋሼ፥ አልገባኝም» ሲለኝ «የቱ ጋ?» ብለው፥ ስፍራውን ለይቶ ይነግረኛል። «ጭንቅላት የለኝም» የሚለው ሰውና «እዚህ ጋ አልገባኝም» የሚለው ሰው ዕውቀታቸው እኩል ሊሆን ይችላል፤ የፊተኛው ግን በሩን ዘግቶ ተቀምጧል፥ ሁለተኛው መንገድ ጀምሯል።

እናንተ በመሥሪያ ቤት የምትውሉ ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ ይህ ነገር የኮምፒዩተር ብቻ አይምሰላችሁ። እኔ በምሠራበት ቤት አንድ የክፍያ ፋይል ሲዘገይ የሚጮኽበት ሰው ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ የያዘው ነው። ባለጉዳዩ በመጣበት ሰዓት ፋይሉ በጽሕፈት ሠራተኛዋ እጅ ከተገኘ፥ ወቀሳው የእርሷ ነው። አንድ ጊዜ በእያንዳንዱ ፋይል ሽፋን ላይ አንዲት ቁራጭ ወረቀት ለጥፌ፥ የተቀበለው ሁሉ የገባበትንና የወጣበትን ቀን እንዲጽፍባት አደረግሁ። ወር ሳይሞላ ነገሩ ተገለጠ። የጽሕፈት ሠራተኛዋ ከግማሽ ቀን በላይ አታቈይም፤ ፋይሉ አንድ ፊርማ ሲጠብቅ ግን በአንድ ጠረጴዛ ላይ ዘጠኝና ዐሥር ቀን ያድር ነበር። ጠረጴዛው የማን እንደ ሆነ አልናገርም። ያቺ ቁራጭ ወረቀት ግን የእኛ ክፈፍ ነበረች፤ ቀዩን መቀነት አሳየችን፤ ሰማያዊዋንም ከወቀሳ አዳነች።

ተማሪዎችም እንዲሁ ናችሁ። «ቀኑን ሙሉ አጠናሁ፥ ግን አልያዘልኝም» የሚል ተማሪ፥ አንድ ሳምንት ያህል ያነበበበትን ሰዓት በአንድ ቀለም፥ ስልክ የነካካበትን በሌላ ቀለም፥ ስለ ፈተናው የተጨነቀበትን በሦስተኛ ቀለም ደብተሩ ላይ ቢያሰምር፥ የቱ መቀነት ሰፊ እንደ ሆነ ሳይገረም አይቀርም። መጨነቅም ጊዜ ይበላልና።

ምናልባት «ዛሬ ኮምፒዩተር ፈጣን ነው፤ የአሮጌው መኪና ቍጠባ ምን ይጠቅመናል?» ትሉኝ ይሆናል። እኔ እንደማስበው፥ የዛሬው ፍጥነት ስሕተትን አያጠፋም፤ ይሸፍነዋል እንጂ። ድኻ ቤት ውስጥ አንድ ብር ስትጠፋ በዚያው ቀን ትታወቃለች፤ ሀብታም ቤት ግን ሺሁ ሲወጣ ዓመት ሙሉ ማንም ላያየው ይችላል። የዛሬ መሐንዲሶችም ቢሆኑ ፕሮግራማቸው የቱ ጋ ጊዜ እንደሚያባክን ለማወቅ ሲፈልጉ፥ የሚጠቀሙባቸው መሣሪያዎች ጊዜን በባለ ቀለም መሥመር ሥለው የሚያሳዩ ናቸው። ኬላውም፥ ማስቆሚያውም፥ መዝገብ መግለጫውም ስሙና ልብሱ ተለወጠ እንጂ ሥራው ያው ነው።

አንድ ነገር ጨምሬ ላብቃ። ዴሞ ሠሪዎቹ ሥራቸውን ጨርሰው ለሕዝብ በሚያቀርቡበት ቀን እነዚያን መቀነቶች ያነሧቸዋል። ተመልካቹ የሚያየው የሚበሩትን ከዋክብት እንጂ፥ ወጣቱ ሌሊቱን ሙሉ ዓይኑን ተክሎ የቈጠራቸውን ቀይና ሰማያዊ መሥመሮች አይደለም። ስለዚህ የሌላ ሰው ሥራ ያለ እንከን ሲፈስስ አይታችሁ «እኔ እንዲህ መሆን አልችልም» ስትሉ፥ ከሥሩ የተነሡ መቀነቶች እንደ ነበሩ አስታውሱ።

መሞከር ለምትፈልጉ አሠራሩ ቀላል ነው። ኢሙሌተሩን ስታስነሡት ሰማያዊ ስክሪን ይመጣል፤ በላዩም ለፕሮግራም የተረፈው ስፍራ 38911 መሆኑ ተጽፎ ታያላችሁ። ከሥሩ «ፖክ» የሚለውን ትእዛዝ በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፉ፤ ቀጥሎ 53280፥ ነጠላ ሰረዝ፥ 0 ጻፉና የማስገቢያውን ቁልፍ ተጫኑ። ክፈፉ ወዲያው ይጠቍራል። ቀጥሎ በምን ቀለም፥ የትኛውን ሥራ እንደምትቀቡ የምታውቁት እናንተው ናችሁ።